የቶርኖ ስፒንድልን በእጅ ማዞሪያ፦ ስለ አሠራሩና አጠቃቀሙ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰጡት ልኮች ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጠው አነስተኛ የብረት ቶርኖ ናቸው፤ ማለትም እስከ 180 ሚ.ሜ ዲያሜትር ለሚያዞረው፣ የስፒንድሉ (ሥራውን የሚይዘውን ቻክ የሚያዞረው ባዶ ዘንግ) ቀዳዳ 20 ሚ.ሜ ለሆነው። የእርስዎ ቶርኖ ሌላ ዓይነት ከሆነ በዋናነት የሚለወጠው የግንዱ (ወደ ስፒንድሉ የሚገባው ክፍል) ውፍረትና ርዝመት ነው፤ የቀረው ሐሳብ አንድ ነው።

ማዞሪያው ምንድን ነው? ምን ይሠራል?

ድሮ የጭነት መኪና በማኖቬላ ይነሳ ነበር። ይህም የዚያው ዘመድ ነው። በስፒንድሉ የግራ ጫፍ፣ ከቻኩ በተቃራኒ በኩል፣ ወደ ቀዳዳው ይገባና ውስጥ ሆኖ ሰፍቶ ይጠብቃል። የግንዱ ጫፍ በአራት ጣት የተሰነጠቀ ነው፤ የመሳቢያው ብሎን ሾጣጣውን ወደ ግንዱ ሲስበው ጣቶቹ ይከፈታሉ። ከውጭ በኩል ፍላንጅ (የግንዱ ወፍራም ቀለበት)፣ ክንድ፣ እጀታና ማካካሻ ክብደት አሉት። ከዚያ ሞተሩ ያርፋል፣ ቻኩ በእጅ ይዞራል።

ዋና ሥራው የብሎን ጥርስ ማውጣት ነው። ቶርኖው በደቂቃ 100 ዙር እየዞረ ባለ 1.5 ሚ.ሜ ጥርስ ሲቆርጥ ካሬጁ (መቁረጫውን ተሸክሞ የሚሄደው) በሴኮንድ 2.5 ሚ.ሜ ይጓዛል። ጥርሱ የሚያልቅበት ገንዳ 3 ሚ.ሜ ስፋት ካለው፣ ሃፍ ነቱን (ካሬጁን ከሊድ ስክሩ፣ ማለትም ከሚጎትተው ረጅም ብሎን፣ ጋር የሚያያይዘውን) ለመክፈት ያለዎት ጊዜ አንድ ሴኮንድ ከትንሽ ነው። ትንሽ ከዘገዩ መቁረጫው ከትከሻው ጋር ይጋጫል፤ ወይ ጫፉ ይሰበራል፣ ወይ ሥራው (የሚቆረጠው ብረት) ከቻኩ ይነቀላል። በእጅ ሲሆን ሩብ ዙር ማለት 0.375 ሚ.ሜ ነው፤ በፈለጉበት ቦታ ያቆማሉ። በዚያ ላይ አነስተኛ ቶርኖዎች ዝቅ ባለ ፍጥነት ጉልበት ስለሚያጥራቸው፣ ሞተሩ ሲያቃስት የሚቆመው ጥርስ በእጅ ያለ ችግር ይወጣል።

ሌላም ያገለግላል፤ በታፕ (የውስጥ) እና በዳይ (የውጭ) ጥርስ ለማውጣት፣ ስፕሪንግ ለመጠምዘዝ፣ ሥራው ቀጥ ብሎ መያዙን በዲያል ጌጅ ለማየት፣ የቻኩ መንጋጋዎች ካሬጁን እንደማይነኩ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ለማረጋገጥ። ጥርስ ተጋምሶ መብራት ሲጠፋም ሥራውን ሳያነሱ፣ ሃፍ ነቱን ሳይከፍቱ፣ የቀረውን በእጅ መጨረስ ይቻላል። ለዚህ አንድ ጥቅም ብቻ እንኳ መሥራቱ አያስቆጭም።

ቻኩን ራሱን ይዞ ማዞር አይበቃም?

ለሁለት ዙር ይበቃል። ከዚያ በላይ ጣት በመንጋጋና በመቁረጫ መካከል ይመላለሳል፣ እጅ እየቀያየሩ ሲይዙ ዙሩ ይቆራረጣል፣ በቆመበት ቦታ ሁሉ ጥርሱ ላይ ምልክት ይቀራል። የቻክ ቁልፍን ሰክቶ እንደ ማዞሪያ መጠቀም ግን ጭራሽ አይሞከር።

ምን ምን ዕቃ ያስፈልጋል?

ለግንዱ 40 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ክብ ብረት፣ 95 ሚ.ሜ ርዝመት። ለሾጣጣው 22 ሚ.ሜ ክብ ብረት፤ 20 ሚ.ሜ የሚሆን ቁራጭ ይበቃል፣ ግን ቻክ ላይ ለመያዝ ረዘም ያለ ይሁን። ለክንዱ 30 × 10 ሚ.ሜ ጠፍጣፋ አሉሚኒየም፣ 172 ሚ.ሜ። ለማካካሻው 40 ሚ.ሜ ክብ ብረት፣ 25 ሚ.ሜ ውፍረት። ኤም 8 × 90 (8 ሚ.ሜ ውፍረት፣ 90 ሚ.ሜ ርዝመት) የሆነ ብሎን ሁለት፤ አንዱ ለመሳቢያ፣ አንዱ ለእጀታ። ሁለት የኤም 8 ዳዶ፣ አንድ ሮንዴላ፣ ማካካሻውን የሚይዝ አጠር ያለ ኤም 8 ብሎን፣ ሁለት ኤም 5 ባለስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ብሎን። ለእጀታው ደረቅ የወይራ እንጨት ወይም ማንኛውም ጠንካራ እንጨት።

ተራው ለስላሳ ብረት ለግንዱ ይሆናል። መካከለኛ ካርቦን ያለው፣ 1045 የሚባለው፣ ጣቶቹ ከታጠፉ በኋላ በደንብ ስለሚመለሱ ይመረጣል። ከምናለሽ ተራ የሚገዛ የአሮጌ መኪና አክስል ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ላዩ የጠነከረ ሊሆን ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት በሞረድ ይሞክሩት፤ ሞረዱ ከተንሸራተተ ይተዉት።

የግንዱ ውፍረት በትክክል ስንት ይሁን?

ከቀዳዳው ከ0.05 እስከ 0.1 ሚ.ሜ ያነሰ። 20.0 ሚ.ሜ ለሆነ ቀዳዳ 19.9 ጥሩ ነው። ቶርኖው በመጽሐፉ ላይ 20 ይበል እንጂ የራስዎን ይለኩ፤ በካሊፐር ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን በመስቀለኛ ሁለቴ። ብዙ ጊዜ የቀዳዳው አፍ ላይ ሹል ጠርዝ ቀርቶ ይገኛል፤ ልኩንም ያሳስታል፣ ግንዱንም ይቧጥጣል። በክብ ሞረድ ወይም በአሸዋ ወረቀት ማንሳት ነው።

ክፍተቱ ከ0.1 ከበለጠ ምን ይሆናል? ጣቶቹ ብዙ ይከፈታሉ፣ ስፒንድሉን የሚነኩትም በጫፋቸው ብቻ ይሆናል። ያኔ ማዞሪያው የጠበቀ ይመስላል፤ ክንዱን ሲነቀንቁት ግን ይወዛወዛል።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ ከስፒንድሉ ውስጥ የሚገባው 70 ሚ.ሜ ነው። የስፒንድሉ ጫፍ ከማርሽ ሽፋኑ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከቀረ፣ የገባበትን ያህል ለግንዱም ለመሳቢያው ብሎንም ይጨምሩ፤ አለበለዚያ ፍላንጁ ሽፋኑን ይገፋል። በስፒንድሉ ጫፍ ላይ የሚታዩትን ዳዶዎች ግን አይንኩ። የኩሽኔታው ማስተካከያ ናቸው፤ ለማዞሪያው ቦታ ለማግኘት ተብሎ የሚፈቱ አይደሉም።

ሾጣጣው ስንት ዲግሪ ይሁን? ለምን?

በአንድ ጎን 10°፣ በጠቅላላው 20°። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ «ቀጠን ሲል የበለጠ ይይዛል» ብሎ 3° ወይም 4° ያደርገዋል። እውነት ነው፣ ይይዛል። ችግሩ አይለቅም። ብረት በብረት ላይ ሲንሸራተት የሚፈጥረው ሰበቃ ከ8° ገደማ ያነሰውን ጎን ተቆልፎ እንዲቀር ያደርገዋል፤ የሞርስ ቴፐር (ቀጭን ሾጣጣ መያዣ) ያለ ብሎን ቴል ስቶክ (ከቻኩ ፊት ለፊት ያለው ድጋፍ) ውስጥ ተጣብቆ የሚቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ የምንፈልገው ብሎኑ ሲላላ ሾጣጣው በቀላሉ እንዲመለስ ነው። 10° ይህን ያደርጋል። 20° በአንድ ጎን ቢሆን ደግሞ ብሎኑን ብዙ ማጥበቅ ይጠይቃል።

በ10° ሾጣጣው 1 ሚ.ሜ ሲሳብ ጣቶቹ በዲያሜትር 0.35 ሚ.ሜ ይሰፋሉ። የኤም 8 ብሎን በአንድ ዙር 1.25 ሚ.ሜ ስለሚስብ፣ 0.1 ሚ.ሜ የሆነውን ክፍተት ለመዝጋት ሩብ ዙር ገደማ ይበቃል። ብሎኑ ከሁለት ዙር በላይ ዞሮም ካልጠበቀ፣ ወይ ግንዱ ቀጥኗል፣ ወይ ሾጣጣው አብሮ እየዞረ ነው።

የግንዱን የውስጥ ሾጣጣና ሾጣጣውን እንዴት ላገጣጥማቸው? የኮምፓውንዱ (በዲግሪ የሚዞረው የመቁረጫ ተንሸራታች) ዲግሪ አይታመንም።

መታመንም የለበትም። 9.5° ይሁን 10.5° ልዩነት የለውም፤ ወሳኙ ሁለቱ አንድ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ኮምፓውንዱ አንዴ ይጠበቅና ሁለቱም እስኪያልቁ አይነካም።

መጀመሪያ ሾጣጣውን ይሥሩ፤ ቀጭኑ ጫፍ ወደ ቴል ስቶክ፣ ወፍራሙ ወደ ቻኩ። ወፍራሙ 19.4 ሚ.ሜ፣ ቀጭኑ 12.3፣ ርዝመቱ 20። ሳይነሳ 6.8 ሚ.ሜ በሆነ ፑንታ ይበሳና በኤም 8 ታፕ ጥርስ ይውጣለት፤ እንዲህ ሲሆን ጥርሱና ሾጣጣው መሐላቸው አንድ ይሆናል።

ቀጥሎ ግንዱ ሲታሠር ኮምፓውንዱ ባለበት ይቆያል። የውስጥ መቁረጫውን በራሱ ዘንግ ላይ 180° ገልብጠው ጫፉ ወደ ታች እንዲመለከት ያድርጉ፤ ከዚያ የሚቆርጠው ወደ እርስዎ ያለውን ሳይሆን በወዲያ በኩል ያለውን የቀዳዳውን ግድግዳ ነው። ስፒንድሉ እንደ ወትሮው ወደ ፊት ይዞራል። ያው ኮምፓውንድ፣ በዚያው አቅጣጫ፣ አሁን አፉ ወደ ቴል ስቶክ የሰፋ ሾጣጣ ቀዳዳ ያወጣል። መቁረጫውን ሳይገለብጡ በፊት ለፊት ግድግዳ ቢሞክሩት ግን ተቃራኒው፣ ወደ ውስጥ የሚሰፋ ቀዳዳ ይወጣል። የመቁረጫውን ከፍታ ከመሐል ጋር እንደገና ማስተካከል አይዘንጋ፤ ሲገለበጥ ይለወጣል።

የቀዳዳው አፍ 17 ሚ.ሜ ሲሆን ያቁሙ። ሾጣጣው ላይ በርዝመቱ ሦስት መስመር በማርከር ያስምሩ፣ ወደ ቀዳዳው ያስገቡ፣ ትንሽ ያዙሩ። መስመሮቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከደበዘዙ ተገጣጥመዋል። በአንድ ጫፍ ብቻ ከደበዘዙ ኮምፓውንዱ በመሐል ተንቀሳቅሷል ማለት ነው።

ግንዱን የምሠራበት ቅደም ተከተል ምንድን ነው?

1. 40 ሚ.ሜውን ብረት በ20 ሚ.ሜ ያህል ይዘው ፊቱን ያስተካክሉ፣ የመሐል ቀዳዳ ያውጡ፣ ጫፉን በቴል ስቶክ ይደግፉ።
2. 70 ሚ.ሜውን ርዝመት ወደ 19.9 ያውርዱ። በትንሽ ቶርኖ በየምልሱ 1 ሚ.ሜ ከዲያሜትሩ ቢያነሱ 20 ምልስ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከዚህ መሸሽ የፈለገ ከ25 ሚ.ሜ ክብ ብረት ጀምሮ ባለ 40 ሚ.ሜ ቀለበት ሊበይድበት ይችላል፤ ብየዳው ግን ከመጨረሻው ልክ በፊት ይሁን፣ ሙቀቱ ያጣምመዋልና።
3. ድጋፉን አንስተው በ8.5 ሚ.ሜ ፑንታ እስከ መጨረሻው ይብሱ። በየ10 ሚ.ሜ ፑንታውን እያወጡ ብናኙን ያራግፉ። ጥልቅ ቀዳዳ ላይ ብናኝ ሲታፈን ነው ፑንታ የሚሰበረው።
4. ሾጣጣ ቀዳዳውን ከላይ በተባለው መንገድ ይክፈቱ። 2 እና 4 በአንድ አያያዝ መሠራታቸው ግድ ነው።
5. ይገልብጡና በ19.9ኙ በኩል፣ በመንጋጋዎቹና በግንዱ መካከል ቀጭን አሉሚኒየም አድርገው ይያዙ። ፍላንጁ 10 ሚ.ሜ ውፍረት ይቅረው፤ ከእሱ ቀጥሎ ክንዱ የሚገባበት 20 ሚ.ሜ ውፍረት፣ 10 ሚ.ሜ ርዝመት ያለው አንገት ይውጣ። ጠቅላላው 90 ሚ.ሜ ይሆናል።
6. ከጫፉ 45 ሚ.ሜ ላይ፣ በትራፓኖ፣ 4 ሚ.ሜ የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች በመስቀለኛ ያሳልፉ። ስንጥቁ የሚያልቅባቸው እነዚህ ናቸው።
7. ሞርሳ ላይ አስረው በሰጌቶ ከጫፉ እስከ ቀዳዳዎቹ ሁለት ጊዜ በመስቀለኛ ይሰንጥቁ። አራት ጣት ይወጣል። አንዱን ስንጥቅ በቀጭን ሞረድ ወደ 2.2 ሚ.ሜ ያስፉ።
8. በውስጥም በውጭም የቀረውን ሹል ጠርዝ ሁሉ ያንሱ።

ስንጥቁ መጨረሻ ይሁን። ተሰንጥቆ ከተቆረጠ ጣቶቹ ከመቁረጫው እየሸሹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ልክ የሚባል ነገር አይገኝም።

ያ የሰፋው ስንጥቅ ለምንድን ነው?

ሾጣጣው ከብሎኑ ጋር አብሮ እንዳይዞር። ከቀጭኑ ጫፍ 8 ሚ.ሜ ላይ 2 ሚ.ሜ ቀዳዳ በ3 ሚ.ሜ ጥልቀት ይበሱና ራሱ የተቆረጠ የብረት ሚስማር በመዶሻ ያስገቡበት። ሚስማሩ ከሾጣጣው 2 ሚ.ሜ ብቻ ይውጣ፤ ከበለጠ የስፒንድሉን ግድግዳ ይፍቃል። በሰፋው ስንጥቅ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ መዞር ግን አይችልም።

ክንዱን መበየድ ይሻላል ወይስ በብሎን ማሠር?

አሉሚኒየም ከብረት ጋር ስለማይበየድ ምርጫ የለም፤ ብሎን ነው። ክንዱ ላይ 20 ሚ.ሜ ቀዳዳ ያውጡ፤ ከአንዱ ጫፍ 60 ሚ.ሜ፣ ከሌላው 112 ሚ.ሜ ርቀት ላይ። በግንዱ አንገት ላይ ያለ ልቅነት ይግባ። ከዚያ ከመሐል 15 ሚ.ሜ ግራና ቀኝ በክንዱ ርዝመት ላይ ሁለት ቀዳዳ ይበሱ፤ ፍላንጁ ላይ 4.2 ሚ.ሜ ተበስቶ በኤም 5 ጥርስ ይውጣለት። ክንዱን የሚያዞረው የእነዚህ ብሎኖች ጉልበት ሳይሆን የአንገቱ መግጠም መሆን አለበት፤ አንገቱ ልል ከሆነ ብሎኖቹ በጥቂት ሳምንት ይላላሉ።

የብረት ክንድ የሚመርጥም አለ። ይቻላል፤ ዋጋው ክብደት ነው፤ ቀጥሎ ያለውን መልስ ይመልከቱ።

ማካካሻ ክብደት የግድ ነው?

የግድ አይደለም የሚሉ አሉ። አንዴ ሳይኖር ሠርተው ይዩት፦ እጅዎን ከመያዣው ሲያነሱ ክንዱ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ሃፍ ነቱ ተዘግቶ ከሆነ ካሬጁንም ትንሽ ይገፋል፤ መቁረጫው ጥርሱ ውስጥ እያለ ይህ ሲሆን ጫፉ ይሄዳል። ቀኝ እጅ ክሮስ ስላይድ (መቁረጫውን ወደ ሥራው የሚያስገባውና የሚያወጣው) ላይ፣ ግራ እጅ ማዞሪያው ላይ ሆነው ለመሥራት ክንዱ ባቆሙት ቦታ መቆም አለበት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የእጀታው ክብደት ከብሎኑ ጋር 60 ግራም ገደማ ነው፤ ከመሐል 100 ሚ.ሜ ይርቃል፤ ሲባዛ 6,000። የአሉሚኒየሙ ክንድ 140 ግራም ገደማ ሆኖ የክብደቱ መሐል ከዘንጉ ወደ እጀታው በኩል 26 ሚ.ሜ ይርቃል፤ 3,640 ይሆናል። ሲደመር 9,640። ማካካሻው በተቃራኒው ጎን 40 ሚ.ሜ ላይ ከተቀመጠ 240 ግራም ይበቃል፤ 40 ሚ.ሜ ውፍረት ካለው ክብ ብረት 25 ሚ.ሜ ያህል መቁረጥ ነው። ክንዱም እጀታውም ብረት ቢሆኑ ግን ማካካሻው ከግማሽ ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ያን ሁሉ ብረት በስፒንድል ጫፍ ማንጠልጠል ለእኛ ትርጉም የለውም።

ለመፈተን ግንዱን ስፒንድሉ ውስጥ አያጥብቁት፤ ኩሽኔታውና ቺንጋው ይዘው ያታልላሉ። የኤም 8 ብሎን በግንዱ ቀዳዳ አሳልፈው በሞርሳ አግድም ይያዙትና ማዞሪያው በላዩ እንዲንጠለጠል ያድርጉ። በየትኛውም አቅጣጫ ሲለቁት ከቆመ አለቀ። ማካካሻው ከከበደ ፊቱን በቶርኖ መላጥ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ ወፍራም አድርጎ መቁረጥ ብልህነት ነው።

እጀታው ለምን እጅ ላይ ይፋቃል?

ስለማይዞር። እጀታው ብሎኑ ላይ በነፃነት መሽከርከር አለበት። 65 ሚ.ሜ ርዝመት ያለው እንጨት በ8.5 ሚ.ሜ ፑንታ ይበሳል፣ ብሎኑ ይገባል፣ ከእንጨቱ በኋላ አንድ ዳዶ፣ ከዚያ ክንዱ፣ ከክንዱ ጀርባ ሌላ ዳዶ። ሁለቱ ዳዶዎች ክንዱን መሐል አድርገው ይጠባበቃሉ፤ እንጨቱ ግን ግማሽ ሚ.ሜ ያህል ልቅ ሆኖ ይቀራል። ጥቂት የሻማ ሰም ለእንጨቱ ከግሪስ ይሻላል።

ማዞሪያው ገብቶ እያለ ሞተሩ ቢነሳ ምን ይሆናል?

ይህን ጥያቄ ማንም ሰው ከመጀመሪያው ቀን በፊት መጠየቅ አለበት። በደቂቃ 1,000 ዙር ላይ እጀታው በሴኮንድ 10 ሜትር ይበራል፤ 60 ግራሙ እጀታ ወደ 7 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደ ውጭ ይጎትታል። በ2,500 ዙር ያው 60 ግራም ከ40 ኪሎ በላይ ይሆናል። ክንዱ እጅ ይሰብራል፤ ማካካሻው ከተፈታ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም።

«አስታውሳለሁ» የሚባለው መከላከያ አይሠራም። የሚሠራው ይኸውና፦ ማዞሪያው የሚሰቀልበት ሚስማር የቶርኖው ሶኬት አጠገብ ይሁን፤ ከሶኬቱ የተነቀለው የኤሌክትሪክ መሰኪያ ማዞሪያው በወረደበት ሚስማር ላይ ይንጠልጠል። ማዞሪያውን ለመመለስ መሰኪያውን ማንሳት ግድ ይሆናል፤ መሰኪያውን ለመሰካት ሲሄዱ ደግሞ ማዞሪያው ቦታው ላይ አለመኖሩን ያያሉ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። በተለይ መብራት ሲጠፋ የገባ ማዞሪያ አደገኛ ነው፤ መብራቱ ሳይነገር ነው የሚመለሰው።

ሞተሩ በቺንጋ አብሮ ስለሚዞር ማዞሪያው ከከበደብዎ ቺንጋውን ከፑሌው ላይ ያንሱት። ቀላል ይሆናል፣ ደኅንነቱም ይጨምራል።

ጥርስ በእጅ እንዴት ነው የሚወጣው?

ኤም 20 × 1.5 (20 ሚ.ሜ ውፍረት፣ በአንድ ዙር 1.5 ሚ.ሜ) የሆነ የውጭ ጥርስን እንውሰድ። ማርሾቹ ለ1.5 ይገጠማሉ፣ 60° የተሳለ መቁረጫ ይታሠራል። መቁረጫው ኤች ኤስ ኤስ (ሃይ ስፒድ ስቲል) ይሁን። ካርባይድ (በጣም ጠንካራ፣ ግን ተሰባሪ የመቁረጫ ዓይነት) ፍጥነት ይወዳል፤ በእጅ በደቂቃ 40 ዙር ቢያዞሩ እንኳ በ20 ሚ.ሜ ሥራ ላይ የመቁረጥ ፍጥነቱ በደቂቃ 2.5 ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነት ካርባይድ ብረቱን እየቀደደ ያልፋል፣ ሲያቆሙም ጫፉ ይነሳል። በደንብ የተሳለ ኤች ኤስ ኤስ ከመቁረጫ ዘይት ጋር እንደ መስተዋት ያወጣዋል።

ሃፍ ነቱ አንዴ ይዘጋል፤ ጥርሱ እስኪያልቅ አይከፈትም። ከግራ ጫፍ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ማዞር መቁረጥ ነው። መጨረሻው ሲደርስ ያቁሙ፣ መቁረጫውን በክሮስ ስላይድ ያውጡ፣ ማዞሪያውን ወደ ኋላ ያዙሩና ከመነሻው አንድ ሁለት ዙር አልፈው ይመለሱ። ይህ ትርፍ ዙር የማርሾቹንና የሊድ ስክሩን ልቅነት ይበላል፤ ከተዘለለ የመጀመሪያው ጥርስ ይበላሻል። መቁረጫውን ሳያወጡ ወደ ኋላ ማዞር ደግሞ ጫፉን ያሳጣል፤ ልቅነቱ ስላለ መቁረጫው በመጣበት መንገድ አይመለስም።

የጥርሱ ጥልቀት በአንድ ጎን 0.92 ሚ.ሜ ነው። በ0.2 ይጀምሩ፣ እየቀነሱ በ0.05 ይጨርሱ፤ መጨረሻ ላይ ምንም ሳይጨምሩ ሁለት ጊዜ ይመላለሱ። የክሮስ ስላይዱ ቁጥር ራዲየስ ይሁን ዲያሜትር አስቀድመው ይወቁ፤ አንዳንዱ 1 ሚ.ሜ ሲል ከሥራው 2 ሚ.ሜ ያነሳል።

ትከሻ አጠገብ ለማቆም ጠመኔ ይበቃል። መቁረጫው በሚቆምበት ቦታ ላይ እያለ ቻኩ ላይና ሄድ ስቶኩ (ስፒንድሉን የያዘው የማይንቀሳቀስ ቤት) ላይ አንድ መስመር ያስምሩ። በየምልሱ መስመሮቹ ሲገናኙ ማቆም ነው።

ሊድ ስክሩ የኢንች ነው፤ የሚሊ ሜትር ጥርስ ይወጣል?

ማርሾቹ ካሉ ይወጣል፤ እንዲያውም ማዞሪያው ከሁሉ በላይ የሚያስደስተው እዚህ ነው። በኢንች ሊድ ስክሩ ላይ ሚሊ ሜትር ሲቆረጥ የጥርስ መቁጠሪያው ሰዓት (ሃፍ ነቱ መቼ እንደሚዘጋ የሚያሳየው) አይረዳም፤ ሃፍ ነቱ ከተከፈተ ጥርሱን መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። በእጅ ሲሠራ መጀመሪያውኑ አይከፈትም።

በታፕ ጥርስ ሳወጣ ምን ልጠንቀቅ?

ታፑ በቴል ስቶክ ቻክ ይያዛል፤ ቴል ስቶኩ ግን ሳይጠብቅ በአልጋው ላይ ይንሸራተት። ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ወደ ኋላ። ለኤም 5 የ4.2፣ ለኤም 6 የ5፣ ለኤም 8 የ6.8 ሚ.ሜ ፑንታ። እጅ ላይ የሚሰማው ክብደት ድንገት ሲጨምር ብናኝ ሞልቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ይመለሱ። ሞተር ይህን አያውቅም።

ማዞሪያው ይንሸራተታል። ምን ላድርግ?

ከአሥር ዘጠኙ ዘይት ነው። የስፒንድሉ ቀዳዳ ሁልጊዜ ዘይት አለበት፤ ግንዱንም ቀዳዳውንም በጨርቅ ደረቅ አድርገው ይጥረጉ። ቅባት የሚያስፈልገው ሾጣጣውና የብሎኑ ጥርስ ላይ ነው፤ ውጭው ደረቅ፣ ውስጡ ቅባት። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል። ብሎኑን በተራ 13 ቁጥር መፍቻ በአንድ እጅ ማጥበቅ ይበቃል፤ ቧንቧ ጨምሮ ማርዘም ጣት ያሰነጥቃል።

ደርቆም ከተንሸራተተ ግንዱን በማርከር ቀብተው አስገብተው ያጥብቁና አውጥተው ይዩ። የሚነካው በጫፍ ብቻ ከሆነ ግንዱ ቀጥኗል፤ እንደ አዲስ መሥራት ነው። በሁለት ጣት ብቻ ከነካ ስንጥቆቹ እኩል አልሆኑም።

ብሎኑን ፈታሁት፤ ግንዱ ግን አልወጣም።

ብሎኑን ሦስት ዙር ብቻ ያላሉት፣ ጨርሰው አያውጡት። ራሱን በእንጨት ወይም በነሐስ መዶሻ ቀስ አድርገው ይምቱ፤ ሾጣጣው ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ጣቶቹ ይዘጋሉ። ብሎኑን ጨርሶ ያወጣ ሰው ሾጣጣው ስፒንድሉ ውስጥ ይወድቅበታል፤ ያን ጊዜ ቻኩ በኩል በረጅም ዘንግ መግፋት ይቀረዋል። በየጊዜው ከተጣበቀ ጎኑ ከ8° አንሶ ተሠርቷል፤ ሾጣጣውም ቀዳዳውም እንደገና ይቆረጡ።

አንዱ ጣት ከሥሩ ተሰነጠቀ። ሊበየድ ይችላል?

አይመከርም። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ስንጥቁ 4 ሚ.ሜው ቀዳዳ ላይ ሳይደርስ ወይም ቀዳዳውን ስቶ ማለቁ ነው፤ የሰጌቶው ሹል ማዕዘን ስንጥቅ ይጀምራል። ብየዳ ቢይዘውም ግንዱን ያጣምመዋል።

ለትልቅ የጋራዥ ቶርኖ ይሆናል?

የስፒንድሉ ቀዳዳ 38 ወይም 52 ሚ.ሜ ቢሆንም አሠራሩ ያው ነው፤ ክንዱን ወደ 200 ሚ.ሜ ማስረዘም፣ መሳቢያውን ወደ ኤም 12 ማሳደግ። ግን የማርሽ ሳጥኑን ዜሮ ላይ ሳያደርጉ መዞር አይቻልም፤ ዜሮ ላይ ሲሆን ደግሞ ስፒንድሉ ከሊድ ስክሩ ጋር መገናኘቱን መፈተሽ ያስፈልጋል፤ በአንዳንዱ ቶርኖ ግንኙነቱ አብሮ ይቋረጣል፣ ያኔ ካሬጁ አይንቀሳቀስም። እንዲህ ያለ ቶርኖ ጥሩ ፍሬንና ዝቅተኛ ፍጥነት ካለው ለጥርስ ብሎ ማዞሪያ መሥራቱ ብዙም አያስፈልገውም።